«በሞቴ» ብትሉትም አይበላም

ልጆች፣

ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር ስለ እባብ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ ከብት ሲነድፍ ምን እንደሚደረግ። እባቡ ራሱ ታሞ ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ጸጉሬ ነጥቶ፣ ልጆች በጫማ ካርቶን ይዘውት የሚመጡትን እባብ አያለሁ። የእኛ ሰው ልጆችም አሉበት። እናቶቻቸው በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት። አልፈርድባቸውም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ጥያቄያችሁ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ዶክተር፣ ከገዛሁት ጀምሮ አልበላም።»

እኛ ሰው ሲጾምብን አንወድም። እንግዳ ከማዕድ እጁን ከሰበሰበ «በሞቴ» ብለን ጠቅልለን እናጎርሰዋለን። ሰው ላይ ሲሆን ፍቅር ነው። የእባብ ልጅ ላይ ሲሆን ግን ይገድላል። እኔ ራሴ ገድያለሁ። እዚህ መሥራት የጀመርኩ ሰሞን፣ ሦስት ሳምንት ያልበላ፣ ኮርን ስኔክ የሚባል የእባብ ዓይነት ልጅ መጣልኝ። ከእርሳስ የማይወፍር ነገር ነው። አፉን ከፍቼ የአይጥ ግልገል በወረንጦ አስገባሁለት። ዋጠ። ጀግና መሰልኩ! በማግስቱ መልሶ ተፋው። ከሦስት ቀን በኋላ ደገምኩት፣ አሁንም ተፋ። ሦስተኛውን አልቻለም። ባለቤቱን «የምታኖረው ቦታ ሙቀቱ ስንት ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ የዋጠው ነገር ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ አይፈጭም። አለመብላቱ ልክ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቁ። ከእንቁላል ሲወጣ የአስኳሉን ቅሪት ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው። የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል፣ ማለትም አንድ ሁለት ሳምንት ያህል፣ አብዛኞቹ መብላት አያምራቸውም። የሚሸጥላችሁን ሰው ደግሞ ስንት ጊዜ እንደበላ፣ ምን እንደበላ፣ በረዶ የነበረ ይሁን በሕይወት ያለ ጠይቁት። እኔ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያልበላ እባብ አልገዛም። ርካሽ ቢሆንም።

ቀጥሎ ቤቱን እዩ። ትልቅ የመስታወት ሳጥን ለእናንተ ያምራል እንጂ ለእሱ ሜዳ ላይ እንደ መጣል ነው። ጭልፊት ከላይ ሊያነሳው የሚችል ነው የሚመስለው። ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃዋል። ሰውነቱ ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ መደበቂያ፣ አንድ በሞቃቱ በኩል፣ አንድ በቀዝቃዛው በኩል አድርጉለት። ለኮርን ስኔክ ሞቃቱ ጎን ከ28 እስከ 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ቦል ፓይተን ለሚባለው ሌላው የእባብ ዓይነት ከ31 እስከ 33። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ያለ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ አይሰካ፤ ያቃጥለዋል።

ከዚያ ተዉት። ይኼ ነው የሚከብዳችሁ። አንድ ሙሉ ሳምንት አትንኩት፣ ለጓደኛ አታሳዩት፣ ሌሊት በስልክ መብራት አትፈትሹት። ምግብም በየቀኑ አይቅረብለት። እምቢ ካለ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ጠብቁ።

የኮርን ስኔክ ልጅ ምግቡ እዚህ ፒንኪ የሚሏት፣ ጸጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ናት። ከበረዶ አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ትሟሟ፤ ከዚያ በፕላስቲክ አድርጋችሁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ንከሯት። ማይክሮዌቭ አይሆንም፣ ትፈነዳለች። የእናታችሁን ድስትም እንዳትነኩ! ሳልሞኔላ የሚባል ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ አለ፤ ዕቃውም ለብቻ፣ እጅም በሳሙና።

ቦል ፓይተን የምዕራብ አፍሪካ ነው፣ የጋናና የቶጎ አገር ሰው በሉት። ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚያይባቸው ጉድጓዶች አሉት። ስለዚህ የቀዘቀዘች አይጥ ለእሱ አይጥ አይደለችም። በረጅም ወረንጦ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዟት። ኮርን ስኔክ ግን የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ልጆቹ በዱር ሳሉ ትንንሽ እንሽላሊትና እንቁራሪት ይበላሉ። አይጥ ምግብ መሆኗን ማን ነገረው? አርቢዎች ፒንኪዋን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥበው፣ እንሽላሊት ላይ አሽተው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ሽታውን በምላሱ ነው የሚለቅመው።

ሁሉም ካልሠራ ማታ እባቡንና ፒንኪዋን አየር የሚገባበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ አብራችሁ ዝጉ። ዕቃውን ከሳጥኑ ውስጥ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። መብራት አጥፉና ተኙ። ጠዋት እዩ።

ግራም የሚለካ ሚዛን ግዙ፣ በየሳምንቱ ጻፉ። ክብደቱ ካልቀነሰ አትደንግጡ። አንድ አሥረኛው ከሄደ፣ ወይም አፉን ከፍቶ የሚተነፍስና አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ሐኪም ጋ አምጡት። በግድ ማጉረስ የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛም ብንሆን መጨረሻ ላይ ነው የምናደርገው።

ባለፈው አንዲት ልጅ አምስት ሳምንት ያልበላ ኮርን ስኔክ ይዛ መጣች። በየቀኑ ታቀርብለታለች፣ በየቀኑ ታለቅሳለች። እናት በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሳጥኑን ቀይሩ፣ ሳምንት አትዩት፣ ከዚያ ማታ ዝጉበት አልኳቸው። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው እናት ናት።

«ዶክተር፣ በላ! በላልን!»

እሰይ፣ አሁን ለ48 ሰዓት አትንኩት አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ውኃውን ግን ገና አልጠጣም» አለችኝ።