«ያው ቦታ» ከምን አንጻር? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በሐረጎ መንገድ የሚመላለሱ አሽከርካሪ ሌሊት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ጨረቃ ለምን እንደምትከተላቸው ጠይቀዋል። አትከተልዎትም፤ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የ25 ኪሎ ሜትር ጉዞዎ የምትታይበትን አቅጣጫ በዓይን በሚለይ መጠን አይለውጠውም።

አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ በየዓመቱ በልደቷ ቀን በቤታቸው ደጃፍ ፎቶግራፍ እንደምትነሣ ገልጻ፣ ምድርም፣ ፀሐያችን ያለችበት የከዋክብት ስብስብ ማለትም ጋላክሲውም የሚጓዙ ከሆነ በእርግጥ ያው ቦታ ላይ መቆሟን ማወቅ ትፈልጋለች። ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ስጠብቀው ነበር። መልሱ የሚጀምረው «ከምን አንጻር?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ከደጃፉ አንጻር ያው ቦታ ላይ ነሽ። ከምድር እምብርት አንጻር ግን አንቺም ደጃፉም በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትዞራላችሁ። ከፀሐይ አንጻር ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዝም፣ ዙሯን በዓመት ስለምትፈጽም በልደትሽ ቀን ወደ ነበርሽበት አካባቢ ትመልስሻለች። ከጋላክሲያችን ከፍኖተ ሐሊብ ማእከል አንጻር ሲታይ ደግሞ ፀሐይ ፕላኔቶቿን ሁሉ ይዛ በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሄድ፣ በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል 7 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘሻል፤ ይህም ከፀሐይ እስከ ኔፕቱን ካለው ርቀት ይበልጣል። ፀሐይ በዚህ ማእከል ዙሪያ አንዱን ዙር ለመጨረስ 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ከኅዋ የመጀመሪያ ዘመን ተርፎ መላውን ሰማይ ከሞላው ጥንታዊ ጨረር አንጻር ከተለካ ደግሞ ፍጥነታችን በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ እውነት ሌላው ሐሰት አይደለም፤ በኅዋ ውስጥ ሁሉም የሚለካበት የተተከለ የወሰን ድንጋይ የለምና። ተማሪዎች ፍጥነቱን ሸምድደው ከምን አንጻር እንደተለካ ሳይነገራቸው መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ የደሴ አባት ሲጋደሙ ቤቱ እንደሚዞርባቸው ጽፈው፣ ምክንያቱ የምድር መሽከርከር እንደሆነ ጠይቀዋል። አይደለም፣ አባቴ። ጣሊያናዊው የሳይንስ ሊቅ ጋሊሌዮ በ1632 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንዳስረዳው፣ ሳይናወጥ በእኩል ፍጥነት በሚሄድ መርከብ ውስጥ ያለ ሰው ጉዞው አይሰማውም፤ የምድርም እንቅስቃሴ እጅግ የረጋ ስለሆነ ሰውን አያዞርም። የእርስዎ ማዞር ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል ወይም ከደም ግፊት ሊመጣ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ እንዲቀርቡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ አንደበትዎ ከተሳሰረ ወይም አንድ ወገንዎ ከዛለ ግን ነገ ሳይሉ ወዲያውኑ ይሂዱ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አይተውት ደሴን ቆረቆሩ የሚባልለት ጅራታም ኮከብ ዛሬ የት እንዳለ የጠየቁም አሉ። የአመሠራረቱን ትረካ ለታሪክ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ ግን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ተሰነጣጥቋል፤ ስብርባሪዎቹ እስከ ዛሬ ከፀሐይ እየራቁ ናቸው፣ ዙራቸውን ለመፈጸምም ከ600 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል።