ኦንላይን ሃይስኩል ልመዝገብ ወይ? ለአንዲት የጎንደር አዘዞ ተማሪ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። 17 ዓመትሽ ነው። ዘጠነኛን ጨርሰሻል። ከዚያ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ቤቱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ቤተሰብ "ቤት ሆነሽ አጥኚ" አለሽ፣ ታላቅ ወንድምሽ ሒሳብና ፊዚክስ እያስረዳሽ እስካሁን ቆየሽ። አሁን አሜሪካ ያለችው አክስትሽ አንድ የኦንላይን ሃይስኩል አግኝታ "በዓመት 1,200 ዶላር ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ለተመዘገበ ቅናሽ አለው፣ ልክፈልልሽ?" ብላሻለች። ያንቺ ሐሳብ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጤና መማር ነው፤ ውጭ ስኮላርሺፕ ከተገኘም እሰየው።

አሁን አትክፈሉ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ዋጋውን ለጊዜው እንተወውና ዲፕሎማው የት እንደሚያስገባሽ እንይ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ለዚያ ፈተና ለመቅረብ ደግሞ ከዘጠነኛ ጀምሮ ያለ ትራንስክሪፕትና የሚያስመዘግብሽ እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። የአሜሪካው ኦንላይን ትምህርት ቤት ይህን አያደርግልሽም። መጽሐፉም ሌላ ነው፣ እኛ ጋ በ2015 ዓ.ም. የገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሚሸፍነውን እነሱ አይሸፍኑትም። ፈተናው ደግሞ እንደምታውቂው ቀልድ የለውም። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ግማሽ ያላመጣ በቀጥታ አይገባም፤ በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2017ም ገና 8.4 ከመቶ ነው። ሦስት ዓመት በሌላ መጽሐፍ ተምረሽ እዚያ ፈተና ላይ መቀመጥ ራስን ማስቸገር ነው።

"ዲፕሎማውን አቻ ግምት (ከአገር ውስጥ 12ኛ ክፍል ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ) አሠርቼ ብገባስ?" ትዪኝ ይሆናል። አዘዞ ተቀምጠሽ በኢንተርኔት ለተማርሽው ዲፕሎማ አቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ አንድ ዶላር እንዳይወጣ። የሻጩን ቃል አትስሚ። "በመላው ዓለም ተቀባይነት አለው" የማይል የኦንላይን ትምህርት ቤት እስካሁን አላየሁም።

ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የአሜሪካ ሃይስኩል መጨረስ ግድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ግድ አይደለም። እዚያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያን 12ኛ ክፍል ውጤትና ትራንስክሪፕት ይቀበላሉ፤ እሱ ላይ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም ይጠይቃሉ። ዱዎሊንጎ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ቤትሽ ሆነሽ ትፈተኚዋለሽ። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል ክፍል አለ፣ ምክሩ በነጻ ነው፣ ለደላላ ሳትከፍይ እነሱን ጠይቂ። ስለዚህ አገር ውስጥ 12ኛን ብትጨርሺ ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ በኦንላይኑ ብቻ ብትሄጂ ግን የምትፈልጊውን የጎንደሩን በር በገዛ እጅሽ ትዘጊዋለሽ።

ታዲያ ኦንላይን ሃይስኩል ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። ፕሮሰሱ ተጀምሮለት በቅርቡ ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ይጠቅመዋል። አክስትሽ ለአንቺ የጀመረችው ነገር ካለና ደብዳቤው ላይ ሳትጽፊው ቀርተሽ ከሆነ ምክሬ ይለወጣል፣ ንገሪኝ። ያኔ አመራረጡ እንዲህ ነው።

እውቅናውን ራስሽ አጣሪ። አሜሪካ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጥ ኮግኒያ የሚባል አካል አለ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ነው በዚህ ስም የወጣው፣ ቀድሞ አድቫንስኤድ ይባል ነበር። ሚድል ስቴትስ የሚባልም አለ። ትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ማኅተም አይተሽ አትመኚ፤ ኮግኒያም ሚድል ስቴትስም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው፣ እውቅና ሰጠኝ ያለው አካል ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ የትምህርት ቤቱን ስም ፈልጊ። ከሌለ አበቃ። በሳምንት ዲፕሎማ እንሰጣለን፣ የሕይወት ልምድሽን ቆጥረን እናስመርቅሻለን የሚሉ ደግሞ ወረቀት ሻጮች ናቸው። "በነጻ" የሚሉትንም አጣሪ። ብዙዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የኦንላይን ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ ነጻ የሚሆኑት እዚያው ስቴት ውስጥ ለሚኖር ልጅ ነው። አክስትሽ እዚያ ብትኖርም አንቺ አትመዘገቢበትም።

ዋጋው ላይ 1,200 የሚለው ቁጥር ምን እንደያዘ ጠይቂ። መጽሐፍ፣ ትራንስክሪፕት መላኪያ፣ የፈተና ተቆጣጣሪ ለብቻ የሚያስከፍሉ አሉ። የዘጠነኛ ክፍል ውጤትሽን ይቆጥሩልሻል ወይስ "ከዜሮ ጀምሪ" ይሉሻል? ከዜሮ ከሆነ አራት ዓመት ነው፣ ሒሳቡን አስቢው። ባንዴ የሙሉ ዓመት ከሚያስከፍሉት ይልቅ በኮርስ የሚሸጡትን ፈልጊ፤ አንድ ኮርስ ብቻ ገዝተሽ ትሞክሪዋለሽ፣ ካልሆነ የምትከስሪው ትንሽ ነው። አቋርጬ ብወጣ ስንት ይመለስልኛል የሚለውንም አትርሺ። ብሩ ያክስትሽ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 1,200 ዶላር 68 ሺህ ብር አካባቢ ነበር፣ ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። በዚህ ብር ቤታችሁ ስንት ነገር እንደሚሠራ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ጎንደር ነው ያለሽው። ይህንን ትምህርት ቤቱ አያውቀውም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንቺም እኔም አንረሳውም፣ መብራቱም የራሱ ጸባይ አለው። ስለዚህ በቀጥታ በቪዲዮ የሚያስተምር፣ የቀረውን ተማሪ የሚቀጣ ፕሮግራም አይሆንሽም። ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሰዓት በኋላ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ ይህ ይሻላል፤ ካሊፎርኒያ ከሆነ ግን ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ነው ክፍሉ የሚጀምረው። በራስሽ ጊዜ የምትማሪበት፣ መጽሐፉን አውርደሽ የምታስቀምጪበት ነው የሚሻልሽ። "ኔትወርክ ለአንድ ወር ቢጠፋብኝ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለሽ በኢሜይል ጻፊላቸው። አመላለሳቸው ብዙ ነገር ይነግርሻል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔ የምመክርሽ መንገድ ሌላ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ትራንስክሪፕትሽን ማኅተም ያለበትን ከትምህርት ቤትሽ አውጪ፣ ዛሬ ነገ አትበዪ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ወረቀት ይጠፋል። ከዚያ ከእናትሽ ወይም ከወንድምሽ ጋር ጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ ሂዱና አሥረኛን የምትቀጥዪበት ፈቃድ ያለው የማታ ወይም የርቀት ትምህርት የት እንዳለ ጠይቁ። አደራ፣ "ፈቃድ አላችሁ?" ብቻ ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ "12ኛ ስደርስ ለፈተና ታስመዘግቡኛላችሁ?" የሚለውን ጨምሩበት። ጸጥታው ከፈቀደና እናትሽ እሺ ካሉ መደበኛው ይሻላል፣ ጤና ለሚያስብ ልጅ ላብራቶሪ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት የምትማሪውን ግን አታቁሚ። ኦንላይኑ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው፣ እንደ አስተማሪ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይገኛሉ፣ ቴሌግራም ላይም ሞልተዋል፣ የምትመሪው በእነሱ ነው። ያልገባሽን ምዕራፍ ካን አካዳሚ የሚባል የቪዲዮ ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ታይዋለሽ፣ ነጻ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮሊብሪ የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ እሱም ነጻ ነው፣ የካን አካዳሚን ትምህርት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክ ያስተምርሻል። ማውረዱ ብዙ ዳታ ስለሚበላ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይዘሽ ሂጂ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተዘጋጁ የኦፕንስታክስ መጻሕፍትም በነጻ ይወርዳሉ፣ ባዮሎጂውን ለ11ኛና ለ12ኛ አስቀምጪው፣ አሁን ይከብድሻል።

ለአክስትሽ ምን እንደምትያት ጨንቆሽ ጽፈሻል። እምቢ ማለት ውለታ መርገጥ እንዳይመስልብሽ ፈርተሻል፣ ይገባኛል። "አክስቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እዚሁ የ12ኛን ፈተና ልወስድ ነው፤ ያሰብሽውን ብር ያህል ሳይሆን ግማሹን ላፕቶፕ ብታደርጊልኝ ይበቃኛል" በያት። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው የሚይዝ መሆኑን አስረጂያት። የቅናሹ ቀን ቢያልፍም ምንም አትሆኚም፣ እንዲህ ያለ ቅናሽ ሌላ ጊዜም ሊወጣ ይችላል።