ስለ ጊታሮች አፈጣጠር የጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። የቻልኩትን ያህል እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ጊታርን ኤሌክትሪክ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

ስለማይሰማ ነዋ! በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የዳንስ ባንዶች ትልልቅ ነበሩ። ጊታሩ በጥሩምባና በከበሮ ተውጦ ይቀራል። ጆርጅ ቢቻም የሚባል ሙዚቀኛ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ በ1930ዎቹ መጀመሪያ መፍትሔ አመጣ። የብረት ክሩ ማግኔት አጠገብ ሲርገበገብ በተጠቀለለው ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፒክአፕ ማለት ይሄው ነው። ጊታሩ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታ ነበር። በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻው» ተባለ።

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጊታርን እንደ ጠጋኝ አየው። የቀድሞ ሠሪዎች አንገቱን ከአካሉ ጋር በኮላ ያጣብቁት ነበር። እሱ በአራት ብሎን አሰረው። ሲበላሽ ትፈታለህ፣ ሌላ ታስገባለህ፣ አለቀ። አካሉም ውስጡ ክፍት ያልሆነ ጠፍጣፋ እንጨት ስለሆነ ድምፁ ሲጎላ እንደ ባዶ ሳጥን ጊታር ቶሎ የሚያፏጭ ጩኸት አያወጣም።

በ1950 «ብሮድካስተር» ብሎ አወጣው። ግሬች የሚባለው ኩባንያ ግን ስሙ የከበሮዬ ነው አለ። ሠራተኞቹ የተለጣፊውን ስም እየቆረጡ «ፌንደር» የሚለውን ብቻ አስቀሩ። እነዚያ ስም አልባ ጊታሮች ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕንቁ ናቸው። በ1951 «ቴሌካስተር» ተባለ።

ስትራቶካስተርስ? አምስት ቦታ ያለው ስዊች ከመጀመሪያው ነበረው?

አልነበረውም። ይህ የፌንደር ጊታር በ1954 ሲወጣ ፒክአፑ ሦስት፣ የትኛው ፒክአፕ እንደሚሠራ የሚመርጠው ስዊች ቦታም ሦስት ነበር። ተጫዋቾቹ ስዊቹን በሁለት ቦታዎች መሀል ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ እንደሚሠራ ደረሱበት። ያንን ለስላሳና ጥርት ያለ ድምፅ ያገኙት እነሱ ናቸው። ፋብሪካው ባለ አምስት ቦታውን ያስገባው በ1977 ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ! ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።

የ1959 ሌስ ፖል ለምን እንዲህ ውድ ሆነ?

በጊዜው ስላልተሸጠ። ጊብሰን የሚባለው ኩባንያ ሌስ ፖል የተባለውን ጊታር በ1952 አወጣ፤ እንጨቱ ከታች ማሆጋኒ፣ ከላይ ሜፕል። በ1957 ሴዝ ላቨር የተባለ ሰው የፈጠረውን ሃምበከር የሚባል ፒክአፕ ገጠሙበት። ሁለት ጥቅል ሽቦ ተቃራኒ ሆኖ ስለሚገናኝ «እምምም» የሚለው የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ይጠፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ያም ሆኖ ገዢ ጠፋ፤ ቅርጹን በ1961 ቀየሩት። ከዚያ ኤሪክ ክላፕተንን የመሰሉ የእንግሊዝ ብሉዝ ተጫዋቾች አሮጌዎቹን ፈልገው አገኟቸው። ፋብሪካው በ1968 ሌስ ፖልን መለሰ፤ የቀድሞዎቹ ግን ጥቂት ነበሩ።

የክላሲካሉን ጊታር ቅርጽ ማን ወሰነው?

ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። ድምፅ የሚሰጠው የፊት ገጹ ነው ብሎ ያምን ነበር። ለማሳየትም በ1862 ጀርባና ጎኑ ካርቶን የሆነ ጊታር ሠራ።

ድሬድኖት ምን ማለት ነው?

የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስም ነው። ማርቲን የሚባለው የጊታር ኩባንያ ድሬድኖት የተባለውን ሰፊ የጊታር አካል በ1916 ሲሠራ ስሙን ከመርከቡ ወሰደው።

አዲስ ልግዛ ወይስ አሮጌ?

እህቴ፣ ለመጫወት ከሆነ አዲስ ግዢ። በ1985 የተመሠረተውን ፒአርኤስ የተባለ ኩባንያ ጊታር ብታይ የክሩ ርዝመት 25 ኢንች ነው፤ በፌንደር 25 ተኩልና በጊብሰን 24 ከሦስት አራተኛ መካከል። የሁለቱንም ጣዕም ታገኚያለሽ። አሮጌ ካማረሽ ግን አንገቱ እንዳልተጣመመና ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች፣ እንዳልተበሉ እዪ። ገመዱን ሳትሰኪ በፊት ደግሞ እንዲሁ በደረቁ ምቺው። ክሩ ረጅም ጊዜ ሲያስተጋባ እጅሽ ላይ ይሰማሻል።