ታክስ ለማሠራት ምን ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። እኔ በትርፍ ሰዓቴ ራይድሼር (በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ ማመላለስ) እሠራለሁ፤ ባለቤቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ኦቨርታይምም ታበዛለች። አምና «ይህ ወረቀት ጎደለ» እየተባልን ታክስ ሠሪው ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ለ2025 ታክስ ደግሞ 1099 የሚባለው የገቢ ቅጽ አልመጣልኝም። ምን እንያዝ?

መልስ፦ በፖስታ የሚመጣው ወረቀት ቅጂው አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ስላለ ቢጠፋም ይገኛል። ታክስ የሚቀንስልዎ ግን በአብዛኛው ማንም የማይልክልዎ፣ ራስዎ የሚያሰናዱት ወረቀት ነው። የሚያመላልሰውም እሱ ነውና ከእሱ ይጀምሩ።

1099-ኬ፣ ማለትም የራይድሼር ካምፓኒው የተሳፋሪዎችን ክፍያ የሚያሳውቅበት ቅጽ፣ አለመምጣቱ ገቢውን ከታክስ ነጻ አያደርገውም። በፌዴራሉ ደንብ ካምፓኒው ቅጹን ለመላክ የሚገደደው ክፍያው ከ20,000 ዶላር፣ የጉዞው ቁጥርም ከ200 ሲበልጥ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች ከ600 ዶላር ጀምሮ ይላካል። ቅጹ መጣም ቀረም ገቢው ይመዘገባል። ስለዚህ የሾፌር አካውንትዎን ከፍተው የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ ያትሙ። እዚያ ላይ ተሳፋሪዎች የከፈሉት 18,000 ዶላር ሆኖ ባንክዎ የገባው 12,500 ብቻ ቢሆን አይደናገጡ፤ ልዩነቱ ካምፓኒው የቆረጠው ኮሚሽንና ክፍያ ነው። ታክስ ሠሪው 18,000ውን በገቢ አስገብቶ 5,500ውን በወጪ ይቀንሳል። የባንኩን ቁጥር ብቻ ይዘው ከሄዱ ግን 1099-ኬ በተላከበት ዓመት የእርስዎ ቁጥርና የአይአርኤስ ቁጥር አይገጥምም፤ ከወራት በኋላ ደብዳቤ ይመጣል።

ትልቁ ቅናሽ ማይሉ ነው። ለ2025 አንድ የሥራ ማይል ታክስ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ 70 ሳንቲም ይቀንሳል፤ 10,000 ማይል ማለት 7,000 ዶላር ነው። ማጠቃለያው የሚያሳየው መተግበሪያው የመዘገበውን ብቻ ስለሆነ የራስዎን መዝገብ ይያዙ፤ ቀን፣ ከየት ወዴት፣ ለምን ሥራ፣ ስንት ማይል። መኪናው በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የቆጠረውንም ይጠየቃሉ። እሱን ካልጻፉት የዘይት ቅየራ ደረሰኞችዎን ይፈልጉ፤ ቀኑና የመኪናው ማይል አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ታትሟል። የጥርና የታኅሣሥ አካባቢ ሁለት ደረሰኞች ብዙ ያግዛሉ። በማይል ካሠሩ የቤንዚን፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ደረሰኝ አይደመርም፤ በሥራ ላይ የከፈሉት የቶልና የፓርኪንግ ግን ይደመራል።

ባለቤትዎ ከደብሊው-ቱ (አሠሪው የሚልከው የዓመቱ ደመወዝ ቅጽ) ጋር የዓመቱን የመጨረሻ ፔይ ስተብ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ይያዙ። ለ2025 በኦቨርታይም ላይ አዲስ ቅናሽ አለ፤ አሠሪዎች ግን በ2025 ደብሊው-ቱ ላይ ለይተው እንዲጽፉት አልተገደዱም። የሚቀነሰውም ሙሉው ኦቨርታይም ሳይሆን ጭማሪው ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈላት ሴት ለኦቨርታይሙ 30 ካገኘች፣ የሚቀነሰው 10ሩ ነው። ቅናሹን ለማግኘት ባልና ሚስት አብረው ማሠራት አለባቸው።

የጤና ኢንሹራንስ በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ) ከገዛችሁ፣ ከዚያ የሚላከው 1095-ኤ ቅጽ የግድ ነው፤ ያለ እሱ የተላከ ታክስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የሁሉንም ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን በቃል መንገር አይበቃም። እኛ ሐበሾች የምንቸገረው እዚህ ላይ ነው። የልጅዎ የመጨረሻ ስም የእርስዎ ስም ይሆናል፣ የእርስዎ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአባትዎ ወይም የአያትዎ። የታክስ ሶፍትዌር ግን ብዙ ጊዜ ለልጆቹ የአባትየውን የመጨረሻ ስም ራሱ ይሞላል። ስሙና ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር ታክሱ ተቀባይነት አያገኝም። ከመፈረምዎ በፊት ካርዱን ከጎኑ አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። አብራችሁ ስለምታሠሩ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፤ የአምናውን ታክስና የባንክ ቼክም አትርሱ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያከራየሁት ቤት አለኝ፤ ኪራዩ እዚያው ባንክ ይገባል። ብሩ ወደ አሜሪካ አልመጣም። ይህም ይነገራል?

መልስ፦ አዎ፣ ይነገራል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው የትም ይሁን የት ያሳውቃል። የሚይዙት የኪራይ ውሉን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ የጥገና ደረሰኞችን፣ ለኢትዮጵያ መንግሥት የከፈሉትን የኪራይ ግብር ደረሰኝ፣ እንዲሁም የቤቱን የግዢ ውል ወይም የግንባታ ወጪ ነው። የግብር ደረሰኙ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ እንዳይቀረጥ ስለሚያግዝ ዋጋው ትልቅ ነው። የግንባታው ወጪ ደግሞ ለእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ቤቱ በማርጀቱ በየዓመቱ ለሚቀነሰው፣ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀኑ ነው። ውልና ደረሰኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የግብር ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የአሜሪካው የ2025 ዓመት ግን በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ድረስ ያለው ነው፤ ሁለት የግብር ዓመት ይነካል። የየወሩን ኪራይ በፈረንጅ ቀን ገልብጠው በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ታክስ ሠሪው አማርኛ ቢያነብም እንኳ ሥራው ያጥራል።

በውጭ ያሉ ሒሳቦችዎ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለው ማሳወቂያ አለ። ከታክሱ ጋር ሳይሆን ለብቻው በኢንተርኔት ይላካል። ለዚህ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቁጥር፣ የባንኩን ስምና አድራሻ፣ በዓመቱ የደረሰበትን ከፍተኛ መጠን በብር ይያዙ። ወደ ዶላር የሚለወጠው የአሜሪካ ግምጃ ቤት በዲሴምበር 31 ባወጣው ምንዛሪ ነው። ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ «ጠይቆኝ አያውቅም» ብለው አይተዉት፤ ታክስ ሠሪው ካልጠየቀ እርስዎ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላሉት እናቴ በየወሩ እልካለሁ። የሐዋላ ደረሰኞቹን ልያዝ? ዲፔንደንት (በታክሴ ላይ የማስመዘግባቸው ጥገኛ) ይሆኑልኛል?

መልስ፦ እናትዎ የአሜሪካ ዜጋ ካልሆኑ፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በሜክሲኮ ነዋሪም ካልሆኑ አይሆኑልዎትም፤ ደረሰኞቹን ቤት ይተዉአቸው። በ2025 የላኩላቸው ከ19,000 ዶላር በላይ ከሆነ ግን ይያዟቸው፤ ታክስ ባያስከፍልዎም ቅጽ 709 (የስጦታ ማሳወቂያ) መሞላት ሊኖርበት ይችላል።