የከፈለ ይጠይቃል፦ ስለ መብራት፣ ስለ ቦንድና ስለ ዜና የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ መብራት ታሪፍ ጽፌ፣ የከፈለ ሰው ሂሳቡን መጠየቅ መብቱ ነው ካልኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። የተናደደ አለ፤ የተጨነቀ አለ፤ «ተው ይቅርብህ» ያለኝም አለ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን መልሻለሁ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

«ሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። የመብራት ዋጋ በየሦስት ወሩ ይጨምራል። ካርድ እሞላለሁ፣ ሁለት ቀን የጸጉር ማድረቂያውን ካስክ ስንጠቀም ያልቃል። ማነው የሚጨምረው? ሄጄ ስጠይቅ ‹ከላይ ነው› ይሉኛል።» (ከአዳማ)

«ከላይ ነው» ያሉሽ ዋሽተው አይደለም። ግን ያ «ላይ» ስም አለው፤ ልንገርሽ።

እኛ አሁንም «መብራት ኃይል» የምንለው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። ኃይል የሚያመነጨውና በትልልቁ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ቆጣሪሽን የተከለውና ሂሳብ የሚሰበስብሽ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ጭማሪ ሲፈለግ ጥያቄው ከእነሱ ይነሳል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ያየዋል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው መንግሥት ነው። አሁን የምትከፍዪው ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር የተወሰነውን ነው።

ጭማሪው ምክንያት የለውም አልልም። ዋጋው ለዓመታት ከወጪው በታች ነበር። መሥሪያ ቤቶቹ ዕዳ አለባቸው፤ የዕዳው ብዙው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ያ ዕዳ በብር ሲቆጠር አበጠ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ዝቅ ያለ መሆኑም ደግ ነው።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ጭማሪ ጠያቂውም፣ መርማሪውም፣ አጽዳቂውም መንግሥት ነው። ከፋዩ ብቻ በሩ ላይ ቆሟል። ከምትከፍዪው ብር ውስጥ ስንቱ ለዕዳ ይሄዳል? ስንቱ መስመር ላይ የሚባክነውን ኃይል ይሸፍናል? ይህ ስሌት ከውሳኔው በፊት በአደባባይ መቅረብ ነበረበት። አንቺም አዳራሽ ገብተሽ ስለ ካስክሽ መናገር ነበረብሽ።

«በ2003 መምህር ነበርኩ። ለሕዳሴ ግድብ የአንድ ወር ደመወዜን ሰጠሁ፤ ቦንድም ገዛሁ። ግድቡ ተመረቀ፣ ደስ ብሎኝ አልቅሻለሁ። አሁን ‹ሂሳቡን አሳዩን› ብል ባንዳ እባላለሁ?» (ጡረተኛ፣ ከደሴ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የእሷ ቦንድ ከቤት ግብር ደረሰኝ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በበዓል ሰሞን ሳጥኑ ሲከፈት አውጥታ ታየዋለች፤ ጫፉን በእጇ ታሻሸዋለች፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ገንዘቡን ፈልጋ አይደለም። «እኔም አለሁበት» ለማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ደመወዝዎ ስጦታ ነው። ቦንድ ግን ብድር ነው። ቦንድ የገዛ ሰው ለመንግሥት አበድሯል፤ ጊዜው ሲደርስ ገንዘቡ እንደ ውሉ ይመለስለታል። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘው ወደ ገዙበት ባንክ መሄድ መብትዎ ነው። ማንም ፊቱን ሊያጠቁርብዎ አይገባም።

«ባንዳ» ስላሉት ደግሞ ልቤ አዝኗል። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው። የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017። በጥቂት ዓመት ያልቃል የተባለው ሥራ 14 ዓመት ፈጀ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በየዜናው የምንሰማው «በታቀደው መሠረት እየሄደ ነው» የሚል ነበር። ነሐሴ 2010 ላይ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ወጥተው በወታደሮች ይመራ የነበረው የመንግሥት ድርጅት ሜቴክ የያዘው የብረታ ብረትና የተርባይን ሥራ ክፉኛ እንደተጓተተ ተናገሩ፤ ሥራውም ከሜቴክ ተወሰደ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 19፣ የግድቡ ፕሮጀክት ዋና ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኝተው ነበር። አገር ያለቀሰበት ቀን ነው።

ይህን የማነሳው ቁስል ለመነካካት አይደለም። ቀደም ብሎ «ሥራው የት ደረሰ? ገንዘቡስ?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል ቢኖር፣ ጠያቂውም በጠላትነት ባይፈረጅ ኖሮ፣ ችግሩ ያን ያህል ዓመት ተሸፋፍኖ አይቆይም ነበር። ግድቡን የጎዳው ዝምታው ነው።

አንዲት እህት ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ «እኔ አሜሪካ የገዛሁትን ቦንድ ገንዘብ መለሱልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አልገባኝም» ብላለች። ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ2003 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት የግድቡን ቦንድ በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እያስተዋወቀ ሸጠ። ከ3,100 በላይ ሰው ገዛ፤ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሰበሰበ። በአሜሪካ ሕግ ግን ቦንድ ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት መመዝገብ አለበት። ይህ አልተደረገም። የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ያዘው። ሰኔ 2008 ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤቱ ከነወለዱ 6.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ለመክፈል ተስማማ።

ያኔ ብዙ ሰው «ግድቡን ሊያሰናክሉ ነው» ብሎ ነበር። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። የሕጉ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ከሰው ገንዘብ የሚወስድ ስለ ሥራው፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ሥጋቱ አስቀድሞ ይናገር ነው የሚለው። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት ይህን የሚጠብቅላት ተቋም ነበራት። የደሴው መምህርም ሊኖራቸው ይገባል።

«ቴሌቪዥን ስከፍት ስንት ሜጋዋት እንዳመነጨን ይነገረኛል። እኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ከፈነዳ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጋዜጠኞች ለምን አትጠይቁም?» (ወጣት፣ ከባሕር ዳር)

ይገባኛል፤ ወቀሳህ ለእኔም ይደርሳል።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ። የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ሲመረቅ ተላክን። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ስንመለስ መኪናችን ጎማ ፈነዳበት። የቆምንበት ቦታ ከትልቁ የብረት ምሰሶ ሥር ነበር። ከፍ ብሎ ሽቦው ይዘምራል። ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ አንዲት እናት በኩራዝ ብርሃን ጥራጥሬ ትለቅማለች። የኩራዙ ጭስ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው አጥቁሮታል። «መብራቱ በላያችን ነው የሚያልፈው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ዜናዬ ውስጥ ስለ እሷ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አርታዒው አነበበና «ይሄ ለዛሬ አይሆንም» ብሎ አወጣው። እኔም ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕጉ ግን ከእሷ ጎን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና የመብራት መስመር አላገኘም። ስለዚህ ስለ ኃይል የሚሠራ ዜና ሁሉ ግማሹ እነሱ መሆን አለባቸው። ሜጋዋቱ ይነገር፤ ደስም ይበለን። ከዚያ ቀጥሎ ግን «ይህ ኃይል ወደየት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቅ። ትራንስፎርመሩን በተመለከተ በ905 ደውለህ አስመዝግብ፤ የደወልክበትን ቀንና ሰዓት ማስታወሻ ላይ ያዝ። ለምን እንደሚጠቅምህ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

«ግብፅ እያየችን ገመናችንን አደባባይ ማውጣት ልክ ነው?» (ከድሬዳዋ)

ሥጋትዎን አልንቀውም። ግንቦት 26 ቀን 2005 የያኔው የግብፅ ፕሬዚዳንት ሙርሲ ስለ ግድቡ የጠሩት ስብሰባ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ተሰብሳቢዎቹ መተላለፉን ሳያውቁ በኢትዮጵያ ያሉ አማፅያንን እንርዳ፣ የጦር አውሮፕላን ገዛን ብለን እናስወራ ሲሉ ዓለም ሰምቷል። ጫናው እውነት ነበር።

ግን ግብፅ የማታውቀውን ምን እንነግራታለን? የትራንስፎርመር ብልሽት የአገር ምሥጢር አይደለም። ሂሳቡን የማያውቀው የደሴው ጡረተኛ ነው።

«ቢትኮይን ለሚያመርቱ ድርጅቶች መብራት በርካሽ ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው። በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው ሲሸጥላቸው የቆየው። ለኬንያ የምንሸጠው 6.5 ሳንቲም ነው። ኃላፊዎች የሚሰጡት ምክንያት አለ፤ ኃይሉ ተመርቶ ወደ ቤት የሚያደርስ መስመር ባለመኖሩ ይባክን ነበር፣ እነሱ ደግሞ በዶላር ይከፍላሉ ይላሉ። ምክንያቱ ውኃ ያነሳል። በኋላም ለአዲስ ገቢዎች በሩን መዝጋታቸውን ተናግረዋል። እኔ የምፈልገው ውሉን ማየት ነው። ለስንት ዓመት? ኃይል ሲያጥር ቀድሞ የሚቋረጠው የማን ነው? የተገኘው ዶላርስ ሽቦና ምሰሶ ገዛ ወይ?

«አያቶቼ ኦሞ ወንዝ ዳር ነው የሚያርሱት። ስለ ግድብ ስትጽፉ ለምን ስለ እኛ አትጽፉም?» (ተማሪ፣ ከጂንካ)

ልክ ነሽ። ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም የጻፍነው 1,870 ሜጋዋቱን ነው። ታች ያሉት ግን በሌላ ነገር ነበር የሚኖሩት። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ይወጣ ነበር። ሲመለስ እርጥብ ደለል ትቶ ይሄዳል። ዳሰነች፣ ሙርሲና ሌሎችም የአካባቢው ሕዝቦች ያን ደለል ተከትለው ማሽላ ይዘራሉ። ግድቡ ያን ጎርፍ ያዘው። በምትኩ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅላቸዋል ተብሎ ነበር። ከላይ ደግሞ የስኳር እርሻው መጣ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰብን የሚመለከት ፕሮጀክት ሲኖር ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ መጠየቅ አለበት ይላል። አንቀጽ 89 መንግሥት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የሚይዘው በሕዝቡ ስም፣ ለጋራ ጥቅም ነው ይላል። የአያቶችሽ ማሳ ከዚህ «ጋራ» ውስጥ ካልተቆጠረ ጋራ አይደለም። አያትሽን ጠይቂያቸው፦ ጎርፉ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ያኔ ስንት ቁና ገባ? አሁንስ? ጻፊና ላኪልኝ። በእነሱ ቃል አወጣዋለሁ።

«እሺ፣ መጠየቅ መብቴ ነው። ታዲያ እንዴት ነው የምጠይቀው?» (ብዙዎቻችሁ)

በደብዳቤ። የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በ2013 አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቢወጣም ይህ የመረጃ ክፍሉ ሥራ ላይ ነው።

አድራሻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሁን። ምሬት አትጻፉ፤ የምትፈልጉትን ወረቀት ለይታችሁ ጻፉ። «መብራት ለምን ይጠፋል?» ብትሉ መልሱ ሁለት መስመር ይቅርታ ነው። «በቀበሌያችን ባለፉት ስድስት ወራት የተመዘገበው የኃይል መቋረጥ ብዛትና ምክንያት፣ የተበላሸው ትራንስፎርመር የጥገና ጥያቄ የቀረበበት ቀን» ብትሉ ግን ፋይል መክፈት ግድ ይሆናል። የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ 905 የደወልክበትን ቀን ያዝ ያልኩህ ለዚህ ነው።

መልስ እንዲሰጡ ሕጉ 30 ቀን ይሰጣቸዋል። ካልመለሱ ወይም ከከለከሉ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ። በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉና ይዛችሁ ውጡ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።