ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ ዱባይ ላይ 16 ሰዓት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ሰፈሬ ግሽ ዓባይ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ለትምህርት ወደ ኳላ ላምፑር ብቻዬን እጓዛለሁ። የቆረጥኩት የኤሚሬትስ ትኬት ነው። ዱባይ ጧት 5 ሰዓት ደርሼ የምነሳው ሌሊት 9 ሰዓት ስለሆነ ወጥቼ ከተማዋን ባይ ደስ ይለኛል። ግን ወሩ ረመዳን ነው፤ እኔ ደግሞ ሁዳዴን እጾማለሁ። ምን ልብላ? ሴት ልጅ ማታ ብቻዋን ብትንቀሳቀስስ ችግር አለው?

መልስ፦ እህታችን፣ በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለገባ፣ ይህ ጥያቄ ዘንድሮ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ከምግቡ በፊት ግን ቪዛው ይቅደም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ዱባይ ደርሶ እዚያው በር ላይ ቪዛ ማስመታት አይቻልም። ቪዛ ከሌለዎት 16ቱንም ሰዓት ተርሚናል ውስጥ ያሳልፋሉ። ለእርስዎ የሚሆነው የመሸጋገሪያ ቪዛ ነው፤ የ48 ሰዓቱ በነጻ፣ የ96 ሰዓቱ በ50 ድርሃም ይሰጣል፤ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻው ነው። ቪዛውን የሚያወጡልዎት የአገሪቱ አየር መንገዶች ስለሆኑ የእርስዎ ትኬት ለዚህ ይመቻል። የፓስፖርትዎን ባለቀለም ቅጂ፣ መደቡ ነጭ የሆነ ፎቶና የቀጣዩን በረራ ትኬት ይዘው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያመልክቱ። በረመዳን የሥራ ሰዓት ስለሚያጥር ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ቪዛ የሚሰጠው ወደ ሦስተኛ አገር ለሚያልፍ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ፣ ከዱባይ ተመልሶ አዲስ አበባ የሚል ትኬት የያዘ ሰው አያገኘውም።

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ዱባይ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስልክዎ ራሱን ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓትዎ ግን አያስተካክልም። ትኬቱ ላይ 03፡00 የሚለው የእኛው ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ከጎኑ የተጻፈው ቀን የሚቀጥለው ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነውና። ስለዚህ ትኬቱ ላይ «8 MAR» (በፈረንጅ ማርች 8) የሚል ካለ፣ በ7ኛው ቀን ማታ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለብዎት ማለት ነው። ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው በረራ በሌላ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሻንጣዎን ቦሌ ላይ ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ ስለሚኖርብዎ፣ በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ4 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይተዉ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በረመዳን ከተማዋ ቀን ትተኛለች፣ ማታ ትነቃለች። ዴራ በሚባለው የድሮ የገበያ ሰፈር ብዙዎቹ ሱቆች ከሰዓት በኋላ ዘግተው ከኢፍጣር በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይሠራሉ። ጧት 5 ሰዓት ደርሰው ወዲያው ቢወጡ የሚያገኙት ሙቀትና የተዘጋ በር ነው። እኛ የምንመክረው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ተርሚናሉ ውስጥ እንዲያርፉ ነው፤ ለመንገደኛ ምግብ ቤቶቹ ክፍት ናቸው፣ መተኛትም ይቻላል። ዋናው ሻንጣዎ እስከ ኳላ ላምፑር የተመዘገበ ከሆነ የእጅ ቦርሳዎን ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

ሜትሮው ከተርሚናል 3 ይነሳል። ከጣቢያው ቀይ ትኬት ይግዙ፤ እንደ ርቀቱ ከ4 እስከ 8.5 ድርሃም ነው። በቀይ መስመር እስከ ዩኒየን ይሂዱና ወደ አረንጓዴው መስመር ቀይረው በሦስተኛው ፌርማታ አል ራስ ላይ ይውረዱ፤ የቅመሙም የወርቁም ገበያ በእግር የሚደረስ ነው። ባቡሩ ጫፍ ላይ ለሴቶችና ለሕፃናት ብቻ የተለየ ክፍል ስላለ እዚያ ይግቡ። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት ግን ረመዳን ሆነ አልሆነ 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ውኃ መጎንጨትም፣ ማስቲካ ማኘክም ያው ነው።

ከገበያው ወረድ ብሎ ውኃው ዳር አብራ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች አሉ። ዋጋው 1 ድርሃም ነው፤ ሳንቲም ይያዙ፣ ለጀልባው ሰው በእጁ ይሰጡታል። ሰው መሐል ላይ ባለ አግዳሚ ጀርባና ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ከእግር ሥር ይጮኻል፣ በጥቂት ደቂቃ ማዶ ያለው ሰፈር ቡር ዱባይ ይደርሳሉ። ጣናን አይቶ ላደገ ሰው ውኃው ጠባብ ነው፤ ወንዝ ወይም ሐይቅ ሳይሆን ወደ ከተማዋ የገባ የባሕር ክንድ ነው። ዱባይ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የማየት ጊዜ ካለዎት ይህን ይዩ፤ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች ሜትሮው ላይ ሆነውም ያዩዋቸዋል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ዱባይ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ግማሽ ሰዓት ታክሲ አይጠብቁ፤ ሹፌሩም ጾሙን ሊያፈጥር ነው፣ መንገዱም ወደ ቤቱ በሚጣደፍ መኪና ይጨናነቃል። በ11 ሰዓት ተኩል ምግብ ቤት ገብተው መቀመጫዎን ይዘው ይጠብቁ። እስከዚያው ድረስ በአደባባይ አለመብላት፣ አለመጠጣትና አለማጨስ የጿሚውን ክብር መጠበቅ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የዱባይ ምግብ ቤቶች ቀን ላይ መጋረጃ የመጋረድ ግዴታ የለባቸውም፤ ስለዚህ ቢቸግርዎት የገበያ አዳራሾቹ ውስጥ ገብተው ይብሉ። አጎራባቿ ሻርጃ ግን ጠበቅ ያለች ናት፤ ዱባይ ላይ ያዩትን እዚያ አይድገሙት።

ለሁዳዴ ጿሚ የኢፍጣር ማዕድ የተመቸ ይመስላል፤ የሚያሳስቱ ነገሮች ግን አሉት። የምስር ሾርባ ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ይሠራል። ሙተበል የሚባለው የደበርጃን ምግብ እርጎ ሊገባበት ይችላል፣ ላብነህ ራሱ የወተት ነው፣ ሀሪስ የሚባለው የስንዴ ገንፎ ውስጥ ሥጋ አለ። ሑሙስ፣ ፈላፍል፣ ቴምርና ፈቱሽ ሰላጣ አያሳስቡም። ፉሉ ከእኛ አገሩ ይለያል፤ በቅቤ ፋንታ የወይራ ዘይት ነው የሚፈስበት፣ እንቁላል እንዳይጨምሩበት ብቻ ይንገሩ። ሦስት ቃል ይያዙ፦ ላሕም ሥጋ፣ ደጃጅ ዶሮ፣ ሐሊብ ወተት። «ቢዱን» ከፊታቸው ሲጨምሩ «ያለ» ማለት ነው። ይህ ሁሉ ካደከመዎት ዴራ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ገብተው የጾም በያይነቱ ይጠይቁ።

ስለ ማታው አይስጉ። ከኢፍጣር በኋላ ቤተሰብ ከነልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ማንም አይገረምም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ነጠላዎን ቦርሳ ውስጥ ያድርጉ፣ ባቡሩና አዳራሹ በማቀዝቀዣ ስለሚበርዱ ሁለት ጊዜ ይጠቅምዎታል። ከዓርብ በቀር ሜትሮው እኩለ ሌሊት ላይ ይቆማል። ከዴራ በ4 ሰዓት ተኩል ቢነሱ ሳይጣደፉ ይደርሳሉ። ዶላር ይያዙ፤ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው፣ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ከዚያ በጣም ያነሰ የሚሰጥዎትን መንዛሪ ይለፉት።

ጥያቄ፦ የዘጌ ቡና፣ ማርና ንጥር ቅቤ ይዤ በዱባይ በኩል አልፋለሁ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አልወጣም። ይያዝብኛል?

መልስ፦ ቡናው ችግር የለበትም። ማሩና ንጥር ቅቤው ግን እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት፤ ቦሌ ቢያልፉም ዱባይ ላይ የእጅ ሻንጣ እንደገና ስለሚፈተሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆኑ ይወሰዳሉ። ክዳኑን በፕላስቲክ አስረው በሚመዘገበው ሻንጣ ውስጥ ያስገቡ። የሚያስጨንቀን ሌላ ነገር ነው፤ ጫት። እርጥቡም ደረቁም በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ «አገሩ አልገባም፣ ተሸጋጋሪ ነኝ» ማለት አያድንም። ለወዳጅ አድርስልኝ የተባሉትን የታሸገ ዕቃ ሳይፈቱ አይቀበሉ። ትራማዶል እና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎችም አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ነው የምኖረው። ጾመኛ ሆኜ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ስበር የማፈጥረው በየትኛው ከተማ ሰዓት ነው?

መልስ፦ በሁለቱም አይደለም፤ ካሉበት ቦታ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ነው። ወደ ምሥራቅ ስለሚበሩ ቀኑ ያጥርልዎታል። በሌላ በኩል አውሮፕላኑ ከመሬት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ሲል አድማሱ ዝቅ ስለሚል፣ ከሥርዎ ያለው ከተማ አፍጥሮ እርስዎ ገና ፀሐይ እያዩ ለደቂቃዎች ይቆያሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የዱባይ ሙፍቲ በዚሁ ምክንያት ቡርጅ ኸሊፋ ከ80ኛ ፎቅ በላይ የሚኖሩ 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያሉ 3 ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረዋል። አውሮፕላን ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልሆኑ የበረራ አስተናጋጇን ይጠይቁ፤ ኤሚሬትስ ሰዓቱን በአውሮፕላኑ ከፍታና ባለበት ቦታ ልክ አስልቶ ያሳውቃል። ቴምር ኪስዎ ውስጥ ይኑር፤ ምግቡ የሚታደለው በተራ ስለሆነ መግሪብ ሲደርስ ተራዎ ላይደርስ ይችላል። ለመንገደኛ ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን መክፈል የተፈቀደ ስለሆነም፣ ጤናዎ ካልፈቀደ ራስዎን አያስጨንቁ።