ቆሞ የነከሰ የቮልስ ሞተር፦ ምኑ ይድናል፣ ምኑ ይጣላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጆች። ከአባቴ የወረስኩት በፈረንጆች 1967 የተሠራ ቮልስ አለኝ። ለብዙ ዓመታት ግቢ ውስጥ ቆሟል። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በፑሌጃው በኩል ላዞረው ብሞክር ንቅንቅ አይልም። የሞተር ቁጥሩ በ«ኤፍ» ይጀምራል። አንዱ መካኒክ «በኪሎ ሽጠው» ይለኛል፣ ሌላው «ፈትተን እንየው» ይላል። ራሴ ልፈታው ብል ከየት ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከቢሾፍቱ

መልስ፦ በኪሎ አይሽጡት። በ«ኤፍ» የሚጀምረው 1300 የሚባለው ሞተር ነው፤ ልኩ 1285 ሲሲ፣ የፒስቶኑ ስፋት 77 ሚሊሜትር፣ ምቱ 69 ሚሊሜትር። ከሌሎች መኪኖች የሚለየው ሲሊንደሮቹ ከሞኖብሎኩ (ከሞተሩ ዋና አካል) ጋር አብረው የተቀረጹ አለመሆናቸው ነው። አራቱም እየተነቀሉ የሚወጡ የብረት በርሜሎች ናቸው። ቆሞ የነከሰ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው እዚያው ነው፦ ሞተሩ ሲቆም የሆነ ቫልቮላ ክፍት መቅረቱ አይቀርም፣ በዚያ እርጥበት ይገባል፣ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ሲሊንደርና ፒስቶን አንድ ላይ በሴት ይሸጣሉ። ሞኖብሎክና ኮሎዶካ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኙም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመራዎት ሐሳብ ይህ ይሁን፦ ግድ ከሆነ ሲሊንደሩ ይሰበር፣ ሞኖብሎኩ ግን አይነካ።

ሞተሩን ያውርዱ። የባትሪውን ሽቦ ነቅለው፣ የቤንዚኑን ጎማ ደፍነው፣ የጋዝና የሙቀት ገመዶችን ካላቀቁ በኋላ ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ማሰሪያዎች ናቸው፤ በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሆነ ክሪኩ ከሥር ሳይኖር አይፍቱ። ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡት። በካምቢዮው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮን ዲስኩ ይጣመማል።

ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹን፣ ማርሚታውን፣ ቫልቮላዎቹን የሚጫኑትን ሮከር አርሞች ያውጡ። ሮከር አርሞቹን የሚገፉትን ቀጫጭን ዘንጎች፣ ፑሽ ሮዶቹን፣ በካርቶን ላይ ስምንት ቀዳዳ በስተው በየተራቸው ይሰኩ፤ ከተደባለቁ አብረው የተበሉት ክፍሎች ይለያያሉ። እያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በስምንት ዳዶ የታሰረ ነው። በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት እያላሉ ይፍቱ። ቴስታታው እምቢ ካለ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉት። በክንፎቹ መካከል ካቻቢቴ አስገብቶ መፈንቀል ግን ክንፍ መስበር ነው፤ የተሰበረ ክንፍ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል።

አሁን የነከሰው ፒስቶን በዓይን ይታያል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ያደባልቁ። ሁለቱ ስለሚለያዩ ባፈሰሱ ቁጥር ጠርሙሱን ይነቅንቁ፤ እሳት ስለሚስብ ሥራውን ደጅ ያድርጉት። የቮልስ ሲሊንደር የተጋደመ በመሆኑ ፈሳሹ የታችኛውን ግማሽ ብቻ አርሶ ላይኛው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው «አፍስሼ አፍስሼ እምቢ አለ» የሚለው በዚህ የተነሳ ነው። ሞተሩን በጎኑ ያቁሙት፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ላይ ይዩ፣ ያፍስሱ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ይተዉት። ከዚያ በሌላው ጎን ይድገሙት።

ከራሰ በኋላ ከ77 ሚሊሜትር ትንሽ የሚያንስ ክብ ጠንካራ እንጨት ፒስቶኑ ላይ አስቀምጠው በልክ ይምቱ። ከመምታትዎ በፊት ግን ፒስቶኑ የት እንዳለ ይዩ። ጫፉ ላይ ወይም ወለሉ ላይ ከሆነ ቢየላው (ፒስቶኑን ከኮሎዶካው የሚያያይዘው ክንድ) ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ምቱ ፒስቶኑን አያንቀሳቅስም፤ በቀጥታ የሚያርፈው ብሮንዚው (ኮሎዶካው የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ላይ ነው። መሃል ላይ ከሆነ ብቻ ይምቱ። አንድ ሚሊሜትር ከሄደ በቂ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቮላኖውን (ኮሎዶካው ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ወዲያና ወዲህ እያሉ ያለማምዱት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ነጻ የሆኑትን ሲሊንደሮች ያውጡና የነከሰውን ብቻ ያስቀሩ። የሞኖብሎኩን አፍ በጨርቅ ይድፈኑ፣ ሲሊንደሩን በግራይንደር በሁለት ተቃራኒ ጎን ከላይ እስከ ታች ይሰንጥቁት። ሙሉ በሙሉ አይብሱት፤ ጥቂት ሲቀር በብረት መሮ ሲመቱት ቀሪው ይተረተራል።

ቮላኖውን የያዘው ትልቅ ዳዶ በ36 ቡሶላ ይፈታል። የታሰረው ወደ 350 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ መጫን ማለት ነው፤ ሲፈታ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ቮላኖውን በማገጃ ብረት ይያዙት እንጂ በመሮ አይምቱት። ኮሎዶካው ነጻ ከሆነ ይህ ዳዶ ከመፈታቱ በፊት የፊትና የኋላ ጨዋታውን ይለኩ፦ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፣ ከ0.15 ካለፈ ብሮንዚው ወይም መቀመጫው ተበልቷል። ከኋላው ያሉትን ሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አይጣሉ።

ሞኖብሎኩ ከመከፈቱ በፊት የዘይት ፓምፑ፣ የቤንዚን ፓምፑ ዘንግና የስፒንተሮጂኖው (ለካንዴላዎቹ እሳት አከፋፋዩ) መንጃ ጥርስ መውጣት አለባቸው። ከመንጃው ሥር ሁለት ሮንዴላ አለ፤ በማግኔት ያውጧቸው። ከዚያ መሃሉ ላይ ያሉት ስድስት ትላልቅ ዳዶዎችና ዙሪያውን ያሉት ትናንሾቹ ይፈታሉ። ሁለቱ ግማሾች ካልተላቀቁ ያልተፈታ ዳዶ አለ ማለት ነው፤ ደግመው ይፈልጉ። በመጋጠሚያው ካቻቢቴ ከገባ የሚጫረው ፊት ለዘለዓለም ዘይት ያንጠባጥባል። ግራው ከታች ሆኖ ቀኙን ሲያነሱ ፑሽ ሮዶቹን የሚገፉት ፑንተሪያዎች እንዳይወድቁ ቀድመው በግሪስ ያጣብቋቸው።

ኮሎዶካው፣ ቢየላዎቹ፣ ካምሻፍቱ፣ ቮላኖው፣ ዲናሞው፣ ካርቡራቶሩ ተለክተው የሚድኑ ናቸው። ኮሎዶካው ከተጫረ ቶርኖ ቤት በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊሜትር ይሞረዳል፤ ብሮንዚውም በዚያው ልክ ይገዛል። የሲሊንደር ብሎኖቹ ከማግኒዢየሙ ጥርሱን ነቅለው ከወጡ በብረት ጥርስ ማስገቢያ ይጠገናል። ብሮንዚ፣ ፋሻ፣ ፓራዮሊ (የዘይት መከላከያ ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ግን ምንም ቢመስሉ ይጣላሉ። ብሮንዚው ተፍቆ ከተገኘ የዘይት ማቀዝቀዣውንም አብረው ይቀይሩ፤ ውስጡ የቀረው የብረት ብናኝ ታጥቦ አያልቅምና አዲሱን ብሮንዚ ይበላል።

ጥያቄ፦ የተፈታ የቮልስ ሞተር በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ይቻላል? — ከሐዋሳ

መልስ፦ ቴስታታዎቹንና ፒስቶኖቹን በፍጹም። አሉሚኒየም ናቸው፤ ኮስቲክ ሶዳ ይበላቸዋል። ሞኖብሎኩ ደግሞ ማግኒዢየም ስለሆነ ጠላቱ አሲድ ነው፤ የባትሪ ውኃም ኮምጣጤም አይንካው። ለሁሉም የሚስማማው ናፍታና የፕላስቲክ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በሳሙና ውኃ አለቅልቆ ቶሎ ማድረቅ ነው። የማግኒዢየም ብናኝ እሳት ይይዛል። ቢነድ ውኃ ያባብሰዋልና ሲሞርዱ ደረቅ አሸዋ በአጠገብዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ታድሶ ተገጠመ። መካኒኩ ግን ከሥር ያሉትን ቆርቆሮዎች «አያስፈልጉም» ብሎ አስቀራቸው። አሁን ይሞቃል። ግንኙነት አለው? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አለው። ራዲያተር የለውም፤ ፋኑ የሚነፋውን አየር በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል የሚያሳልፉት እነዚያ ቆርቆሮዎች ናቸው። ሲጎድሉ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይሳባል። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎማ ሲጎድልም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፦ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ተገትሮ አየሩን ይወስድበታል። የጭስ ቫልቮላው ራሱን ጥሎ ፒስቶን የሚበሳውም እዚያ ነው። ቆርቆሮዎቹ እስኪመለሱ ረጅም መንገድ አይንዱ፤ የቫልቮላ ክፍተቱን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊሜትር ላይ ያስተካክሉ። ከመካኒኩ ካጡ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ ሞተሮች ላይ ይፈልጉ፤ ሲገዙ የግራና የቀኙን ለይተው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ያልተቀደዱትን ይምረጡ።